ከሙታን ዝርዝር ወደ ሕያዋን ጥያቄ
ድህነት በኢትዮጵያ እንዴት ተለካ?

በ1958 ዓ.ም. በኅዳር ወር ግድም ከወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ ከወረ ኢሉ አውራጃ፣ አንድ የጭንቅ ወሬ አዲስ አበባ ደረሰ። ሰው እየተራበ ነው የሚል ነበር። የአውራጃው ፖሊስ ነገሩን ካወቀ አንድ ወር ሆኖታል። ወሬው አገር ግዛት ሚኒስቴር ገባና እዚያው ተቀመጠ። ከዚያ ተነሥቶ ንጉሠ ነገሥቱ ጆሮ እስኪደርስ 302 ቀናት ፈጀ። ንጉሠ ነገሥቱም ሰምተው ሚኒስቴሩ አንድ ነገር እንዲያደርግ አዘዙ። ሚኒስቴሩ ያደረገው ነገር ግን ወደ ወሎ ሹማምንት መጻፍ ነበር፤ የሞቱት ሰዎች ስም ተዘርዝሮ ይላክልን አለ።

ይህን ታሪክ ያቆዩልን ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ናቸው። የገጠሩ ሕዝባችን ለረሃብ ያለውን ተጋላጭነት በመረመሩበት ሥራቸው ውስጥ ይገኛል። ሰምቶ የማይገረም፣ ተገርሞም የማያዝን ሰው አይኖርም። ነገር ግን ከሐዘኑ መለስ ብለን እናስብ። ያን ደብዳቤ ያረቀቀው ጸሐፊ የግድ ጨካኝ ነበር ማለት አይቻልም። ያገለግለው የነበረው መንግሥት የሚያውቀው ወረቀት ይኸው ዝርዝር ብቻ ነበር፤ የመሬት ዝርዝር፣ የግብር ዝርዝር፣ የባለዕዳ ዝርዝር፣ በመጨረሻም የሙታን ዝርዝር። በሕይወት ያለውን ሰው «ባለፈው ሳምንት ምን በላችሁ? ከየት አገኛችሁት? ለነገስ ምን አላችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ወረቀት በመንግሥት መዝገብ ቤት አልነበረም።

ይህ ጽሑፍ የሚያወራው ያ ወረቀት ወደ አገራችን እንዴት እንደ መጣ፣ መጥቶም ምን እንደ ሠራና ምን እንደ ሳተ ነው። የቁጥር ታሪክ ደረቅ ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ደረቅ ሆኖ አላገኘሁትም። መንግሥት ሕዝቡን የሚጠይቀው ጥያቄ መንግሥቱ ሕዝቡን በምን ዓይን እንደሚያየው ይናገራልና።

መቁጠርና መቆጠር

መንግሥት በኢትዮጵያ መቁጠር የጀመረው ትናንት አይደለም። መሬት በጋሻ ተለክቷል፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቀላድ ገመድ ተዘርግቶ አገር ተሸንሽኗል፤ የገባሩ ጭስ ተቆጥሯል፤ ዐሥራት ለማውጣት አውድማው ላይ ያለ እህል ተሰፍሯል። ይህ ሁሉ ቆጠራ አንድ ጠባይ አለው፤ የሚጠይቀው «ምን ትሰጣለህ?» ብሎ ነው። «ምን ጎደለህ?» ብሎ የጠየቀ ቀላድ ጣይ አልነበረም።

ስለዚህ ሕዝቡም መልሱን ለጥያቄው እንዲስማማ አድርጎ አበጀው። ገበሬ የከብቱን ቁጥር አይናገርም። ልጆቹን እንኳ እየጠቆሙ ሲቆጥሩበት አይወድም። ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን በማስቆጠሩ መቅሠፍት እንደ ወረደበት በመጽሐፍ ሰምቷል፤ ከመጽሐፉም በፊት የገዛ ኑሮው አስተምሮታል። የተቆጠረ ነገር ይወሰዳል። በሌላ በኩል ደግሞ ችግሩን መናገር ያሳፍረዋል። ጾሙን ያደረ ሰው እንኳ «እንዴት ዋላችሁ?» ሲባል መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ያለውን በፍርሃት፣ የሌለውን በይሉኝታ የሚደብቅ ሕዝብ በቀላሉ አይጠናም።

ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ዓመታት የፈጀው ክፉ ቀን የደረሰው በዚህ ሁኔታ ነበር። የከብት በሽታ ገብቶ በሬውን ጨረሰ፤ ማረሻው ቆመ፤ ድርቅ፣ አንበጣና ተስቦ ተከተሉ። ከሕዝቡ አንድ ሦስተኛው አለቀ የሚለው አባባል በየታሪክ መጻሕፍቱ ይገኛል። ነገር ግን ግምት ነው። በፊት ስንት እንደ ነበሩ ሳይታወቅ ስንት እንዳለቁ ሊታወቅ አይችልም። በዚያ ዘመን ያለቁት ወገኖቻችን ቁጥር እንኳ ሳይኖራቸው አፈር ለበሱ።

ከክፉው ቀን በኋላ በመጣው ትውልድ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የአገራቸውን ድህነት ምክንያት ፈለጉ። ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው ሥራቸው ድህነትን እንደ ዕጣ ፈንታ አላዩትም፤ መንስኤ እንዳለው ነገር መረመሩት። የጉምሩክ ሰው ነበሩና የንግድን አኃዝ ያውቁ ነበር። በወደብ በኩል የሚወጣውና የሚገባው ዕቃ ይመዘገብ ነበር። በየጎጆው ውስጥ የሚበላውና የሚጎድለው ግን ገና መዝገብ አልነበረውም።

የዮርክ ከተማ ጥያቄ

ጎጆ ለጎጆ እየዞሩ ድህነትን የመለካት ዘዴ የተወለደው በእንግሊዝ አገር ነው። ቻርልስ ቡዝ የሎንዶንን ድሆች ለብዙ ዓመታት ካጠና በኋላ፣ በ1899 እ.ኤ.አ. ሲቦም ራውንትሪ የተባለ የቸኮላታ ፋብሪካ ባለቤት ልጅ በሚኖርባት በዮርክ ከተማ ተመሳሳይ ሥራ ጀመረ። በጥናቱ የተካተቱት 11,560 ቤተሰቦች፣ በነፍስ ወከፍ 46,754 ሰዎች ነበሩ።

በዘመኑ በእንግሊዝ ባለጸጎች ዘንድ የታወቀው አስተያየት ድኻ ድኻ የሚሆነው በስንፍናና በመጠጥ ነው የሚል ነበር። ራውንትሪ ክርክር አልገጠመም። የሥነ ምግብ ሊቃውንት ከደረሱበት ስሌት ተነሥቶ፣ አንድ ሠራተኛ ጉልበቱ ሳይደክም ለመኖር ምን ያህል ምግብ እንደሚበቃው አሰላ። በዚያ ላይ የቤት ኪራይ፣ የልብስና የማገዶ ወጪ ጨመረ። ከዚህ ወጪ በታች የሚገኘውን ከድህነት መስመር በታች አለው። ውጤቱ ሲወጣ ከከተማው ሕዝብ መቶ እጅ 28 ያህሉ በድህነት ይኖር ነበር። ገቢው ለሥጋው እንኳ ከማይበቃው ክፍል ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለችግር የተዳረገው የቤተሰቡ ኃላፊ እየሠራ፣ ደመወዙ ግን ስለማይበቃ ነበር።

ይህ ግኝት የክርክሩን መልክ ለወጠው። ሙሉ ቀን የሚሠራ ሰው የሚራብ ከሆነ ስንፍና ነው ማለት አይቻልም። በ1908 እ.ኤ.አ. ለሽማግሌዎች ጡረታ፣ በ1911 ደግሞ ለሕመምተኛና ለሥራ አጥ መድን በሕግ ሲቆም፣ የእነዚህ ጥናቶች አሻራ በሕጎቹ ላይ ነበረበት። እንግዲህ የድህነት ጥናት ቁም ነገሩ ይህ ነው፤ የድኻውን ጠባይ ከመመርመር ወደ ኑሮው መመርመር መሻገር።

መሥሪያ ቤቱ ቆመ፤ ጥያቄው ዘገየ

በኢትዮጵያ የማዕከላዊ ስታትስቲክስ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1953 ዓ.ም. ነው። በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በየጠቅላይ ግዛቱ የናሙና ጥናት ተጀመረ። ስንት ሰው አለ? ስንት ይወለዳል? ስንት ይሞታል? ቤቱ ምን ዓይነት ነው? የሚሉ ጥያቄዎች ነበሩ። በሌላ በኩል የመሬት ይዞታ ጥናቶች በደቡቡ ክፍል ከገበሬው ብዙው ጭሰኛ መሆኑን በአኃዝ አሳዩ። እነዚህ ሥራዎች ትልቅ ነበሩ። ይሁን እንጂ የሚበላውን እየቆጠረ ከድኻ ጎጆ የገባ አገር አቀፍ ጥናት ገና አልነበረም።

ከዚያም የ1965ቱ ረሃብ መጣ። በዚያ ዓመት መግቢያ ላይ የእርሻ ሚኒስቴር በሰብል ላይ የደረሰውን ጉዳት የሚያሳይ ዘገባ አዘጋጅቶ ነበር፤ ዘገባው ለሕዝብ ሳይገለጥ ታፈነ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ ይዘው በመመለስ ለግቢው አሳዩ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በውጭ አገር ታየ። በዚያ ረሃብ ስንት ሰው ሞተ? ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ የሚደርሱ ግምቶች አሉ። በሁለቱ ግምቶች መካከል ያለው ልዩነት ብቻውን የአንድ ትልቅ ከተማ ሕዝብ ያህላል። የማናውቀው ይህን ያህል ነው።

ከዚህ ረሃብ አንድ ትምህርት የቀዳው ህንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ እንዳመለከተው፣ የአገሪቱ ጠቅላላ የምግብ ምርት በዚያ ዓመት ከወትሮው የቀነሰው ጥቂት በመቶ ብቻ ነበር። በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ ሰው ያልቃል በሚያሰኝ አኳኋን አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ አገር እህል ይወጣ ነበር። የወሎ ገበሬ የሞተው በአገሩ እህል ስለ ጠፋ ብቻ ሳይሆን፣ አዝመራው ሲጠፋበት ከገበያ የሚገዛበት አቅም ስላልነበረው ነው።

ይህ ነገር ለመንግሥት ቆጠራ ያለው ትርጉም ከባድ ነው። የኩንታሉ ቁጥር ደኅና ሆኖ ሰው ሊያልቅ ይችላል። የገበያውም ዋጋ ጸጥ ብሎ ሰው ሊያልቅ ይችላል። እህሉን የቆጠረ መንግሥት ሰውን ቆጠረ ማለት አይደለም። ቤቱ ገብቶ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ምን እንደ ያዘና ምን እንደ በላ የሚጠይቅ ጥናት የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

እያወቁ መሞት

ከአብዮቱ በኋላ ሁለት ነገሮች ተሠሩ። አንደኛው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ነው፤ ድርቅን አስቀድሞ የሚያመለክት የማስጠንቀቂያ ሥርዐት ዘረጋ። ሁለተኛው በ1974 ዓ.ም. የማዕከላዊ ስታትስቲክስ መሥሪያ ቤት በገጠር ያካሄደው የቤተሰብ ገቢ፣ ፍጆታና ወጪ ጥናት ነው። የዚህ ዓይነት ጥያቄ በመንግሥት ወረቀት ወደ ገጠር ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር።

በግንቦት ወር 1976 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ተካሄደ። ጦርነት ባለባቸው ቦታዎች ግምት ታክሎበት ውጤቱ 42 ሚሊዮን ሆነ፤ እስከዚያ ድረስ ይታሰብ ከነበረው በብዙ ሚሊዮን ይበልጣል። አገሪቱ ልጆቿን ቆጥራ ምን ያህል እንደሆኑ ያወቀችበት ዓመት፣ ልጆቿ በረሃብ መርገፍ የጀመሩበትም ዓመት ሆነ። ኮሚሽኑ በመጋቢት ወር ለለጋሾች ጥሪውን አሰምቷል። ለጋሾች ቸል አሉ፤ መንግሥቱም በመስከረም 1977 ዓ.ም. ለሚከበረው ዐሥረኛ ዓመት በዓል ይዘጋጅ ነበር። የኮረም ሕዝብ ለዓለም የታየው በጥቅምት ነው።

እንግዲህ ከ1958ቱ ጋር ስናስተያየው፣ በ1976ቱ ጊዜ ማወቅ ነበረ፤ ማወቁ ግን አላዳነም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። እውነት ነው። ነገር ግን በሽታውን ገልጦ መድኃኒት የተነፈገም አለ። ቁጥር ብቻውን እንጀራ አይጋግርም። ቁጥር የሚሠራው አንድ ነገር ነው፤ «አላወቅንም ነበር» የሚለውን ማመካኛ ይነጥቃል።

ሦስት ብር የማትሞላ ቀን

ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ብዙ ነገር ተቀየረ። በ1985 ዓ.ም. ዶላር ከ2 ብር ከ07 ሳንቲም ወደ 5 ብር ወጣ። ገበያው ተለቀቀ። በዚህ ለውጥ ማን ይነሣል፣ ማንስ ይወድቃል የሚለው ጥያቄ ከመንግሥትም ከአበዳሪዎችም መጣ።

በ1986 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል ከውጭ የምርምር ተቋማት ጋር ሆኖ በ15 የገበሬ ማኅበራት ውስጥ 1,477 ቤተሰቦችን መጠየቅ ጀመረ። ከጥናቱ መንደሮች መካከል በትግራይ ሐሬሳውና ገብለን፣ በሸዋ ድንኪ፣ በጎጃም የትመን፣ በጉራጌ እምድብር፣ በወላይታ ጋራ ጎዶ ይገኙበታል። ጥናቱ ልዩ የሚያደርገው እነዚያኑ ቤተሰቦች በየጊዜው እየተመለሰ መጠየቁ ነው፤ የመጨረሻው ዙር የተካሄደው በ2001 ዓ.ም. ነበር። ከጥያቄዎቹ መካከል አንዱን አንባቢ ያስብልኝ፤ ድንገት ችግር ቢደርስባችሁና 100 ብር ቢያስፈልጋችሁ በአንድ ሳምንት ውስጥ ማግኘት ትችላላችሁ ወይ? የሚል ነው። ሀብታምና ድኻን ለመለየት ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላውቅም። የመቶ ብር ጥያቄ ያለህን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ያለህን ሰውም ይጠይቃል፤ ዘመድህን፣ እቁብህን፣ ዕድርህን፣ ጎረቤትህን።

እነዚያን መንደሮች ደጋግመው ያጠኑ ሊቃውንት አንድ አስደንጋጭ ነገር አገኙ። በ1977ቱ ረሃብ እጅግ የተጎዱ ቤተሰቦች፣ ዝናብ ከተመለሰ ከዐሥር ዓመት በኋላ እንኳ ኑሯቸው እንደ ሌሎቹ አላገገመም ነበር። በሬው ተሽጧል፤ ላሟ ታርዳለች፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ቀርቷል። ረሃብ ዝናብ ሲዘንብ ያልቃል ብለን የምናስብ ብዙዎች ነን። ዕዳው ግን ይቀራል።

በ1988 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱ በአገር አቀፍ ደረጃ፣ ከተማና ገጠርን ያጠቃለለ የቤተሰብ ገቢ፣ ፍጆታና ወጪ ጥናት ከኑሮ ሁኔታ ክትትል ጥናት ጋር አካሄደ። ከ11 ሺህ በላይ ቤተሰቦች ተጠየቁ። ጥያቄው ሁለት ጊዜ እንዲቀርብ የተደረገው በብልሃት ነበር፤ አንድ ጊዜ በክረምት ጎተራው ባዶ በሆነበት ሰሞን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከመኸር በኋላ በጥርና በየካቲት። ገበሬን በጥር ብቻ የጠየቀ ጥጋቡን፣ በሐምሌ ብቻ የጠየቀ ረሃቡን ይዞ ይመለሳልና።

የድህነቱ መስመር የተሰመረው ራውንትሪ ዮርክ ላይ ባሰመረበት ዘዴ ዓይነት ነው። አንድ አዋቂ ሰው በቀን 2,200 ካሎሪ ያስፈልገዋል ተባለ፤ ሕፃናት እንደየዕድሜያቸው የአዋቂ ክፋይ ሆነው ተቆጠሩ። ከሕዝቡ ዝቅተኛው ግማሽ የሚመገባቸው የምግብ ዓይነቶች ተወስደው ይህን ካሎሪ ለማግኘት የሚያስፈልገው ወጪ ተሰላ። በዓመት 648 ብር ሆነ። በዚህ ላይ ለልብስ፣ ለሳሙና፣ ለጨርቃ ጨርቅና ለመሳሰለው ታክሎ 1,075 ብር ተባለ። በወር ሲታሰብ 90 ብር አይሞላም፤ በቀን ሲታሰብ ደግሞ 3 ብር አይሞላም። ከዚህች በታች የሚኖረው ከመቶ 45.5 ሆኖ ተገኘ።

ኢትዮጵያ ስለ ድሆቿ እንዲህ ያለ አገር አቀፍ አኃዝ ያገኘችው ያን ጊዜ ነው። በሚቀጥሉት ጥናቶች በ1992 ዓ.ም. 44.2፣ በ1997 38.7፣ በ2003 29.6፣ በ2008 23.5 ከመቶ ተመዘገበ። መስመሩም በዋጋው ንረት ከፍ እያለ ሄዶ በ2003 ዓ.ም. 3,781 ብር፣ በ2008 ዓ.ም. 7,184 ብር ደረሰ። የሚገዛው ግን ያንኑ የ1988ቱን ዘንቢል ነው።

ጥናቱ ፋይዳ አልነበረውም ማለት በደል ይሆናል። በየዓመቱ ድርቅ በመጣ ቁጥር እህል የመለመን ልማድ ተሰብሮ በ1997 ዓ.ም. የሴፍቲ ኔት ፕሮግራም ሲጀመር፣ መነሻው ዝናቡ ቢዘንብም ባይዘንብም በየዓመቱ የሚራብ ሕዝብ መኖሩ መታወቁ ነበር። ለተከታታይ ሦስት ዓመት፣ በየዓመቱ ሦስት ወር ያህል ምግብ የሚጎድለው ቤተሰብ ሥር የሰደደ ችግረኛ ተብሎ ተለየ፤ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በፕሮግራሙ ታቀፈ። በ1988 እና በ1992 መካከል የከተማው ድህነት ከ33.2 ወደ 36.9 ከመቶ ከፍ ማለቱን የገለጠው ይኸው ጥናት ነው። የከተማው ሴፍቲ ኔት በ11 ከተሞች የተጀመረው ግን በ2009 ዓ.ም. ነው። በቁጥሩና በሥራው መካከል 17 ዓመት አለፈ። ይህም ከ302 ቀን ይረዝማል።

ከመስመሩ በላይ፣ ከጥናቱ ውጭ

እዚህ ላይ በቁጥሮቹ ደስ ብሎን ከመዝጋታችን በፊት ሦስት ነገሮችን እናስተውል።

መጀመሪያ፣ ከመቶ የሚለው አነጋገር ሰውን ይሸፍናል። በ1988 ዓ.ም. ከመስመሩ በታች የነበረው ወደ 25 ሚሊዮን ሰው ነው። በ2008 ዓ.ም. ወደ 22 ሚሊዮን። እጁ በግማሽ ሲቀንስ ሰዉ የቀነሰው በጥቂት ሚሊዮን ነው፤ ሕዝቡ በዝቷልና። ሁለቱም አኃዝ እውነት ነው። የትኛው እንደሚነገር የሚመርጠው ግን ተናጋሪው ነው።

ሁለተኛ፣ መስመሩ የሚለካው ሆድን ነው። በዚያው በ2008 ዓ.ም. ግድም በተሰበሰበ መረጃ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ገብተዋል ወይ፣ ውኃው ንጹሕ ነው ወይ፣ ቤቱ መብራት አለው ወይ፣ ወለሉ ምንድን ነው፣ ምጣዱ የሚጣደው በምን ማገዶ ነው እያለ በሚጠይቀው በሌላው መለኪያ ሲታይ ግን ድኻው ከመቶ 80 በላይ ሆነ። አንዱ 23.5 ይላል፤ ሌላው ከ80 በላይ። አንዳቸውም አልዋሹም። አንዱ «ዛሬ በላህ ወይ?» ሲል ሌላው «ሰው እንደ ሰው በሚኖርበት አኗኗር ትኖራለህ ወይ?» ይላል። ከ1,075 ብር በአንዲት ብር የበለጠ ሰው ከድህነት ወጣ ብለን ስንጽፍ እርሱ ራሱ አልሰማንም።

ሦስተኛውና ዋናው፣ የቤተሰብ ጥናት ቤት ያንኳኳል። ቤት የሌለውን አያገኘውም። በየበረንዳው የሚያድር ልጅ፣ በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ሥር የተጠለለ ሽማግሌ በናሙናው ውስጥ የሉም። ተንቀሳቃሽ አርብቶ አደር የሚበዛባቸው የአፋርና የሱማሌ ዞኖች ለብዙ ዘመን ከጥናቱ ውጭ ነበሩ። በዚያው በ1992 ዓ.ም.፣ መረጃ ሰብሳቢዎች በደጋው ከቤት ቤት ሲዞሩ፣ በጎዴ አካባቢ ሕፃናት በረሃብና በኩፍኝ ያልቁ ነበር። 44.2 የሚለው አኃዝ ውስጥ እነርሱ የሉበትም።

ናሙና የሚወጣው ከሕዝብ ቆጠራ ነው። ሦስተኛው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ከዐሥር ዓመት በኋላ ሊደረግ የሚገባው አራተኛው ቆጠራ በጊዜው አልተካሄደም፤ ደጋግሞ ተላለፈ። በ2014 ዓ.ም. ግድም በተደረገው የቤተሰቦች የማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ኑሮ ጥናት ደግሞ ትግራይ በጦርነቱ ምክንያት ሳትካተት ቀረች። መረጃ ሰብሳቢ መንገድ በተዘጋበት አገር ምን ያደርጋል? ባለሙያውን መውቀስ አይገባም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ይሏል። በጥናቱ ካርታ ላይ ባዶ ሆኖ የሚቀረው ቦታ፣ ብዙ ጊዜ መከራው የከበደበት ቦታ ነው። ወረ ኢሉ በ1958 ዓ.ም. ባዶ ነበረች። ጎዴ በ1992 ዓ.ም. ባዶ ነበረች።

ጎጆዋ በር ላይ

አንዲት የገጠር እናት በሐምሌ ዝናብ በሯ ላይ መረጃ ሰብሳቢ ቆሞባት እናስብ። ወጣት ነው፤ ጫማው ጭቃ ለብሷል፤ ወረቀቱን በላስቲክ ሸፍኖ ይዟል። ስንት ጣሳ ሽሮ፣ ስንት ስኒ ዘይት፣ የስንት ብር ጨው፣ ስንት ቁና ማሽላ እያለ ይጠይቃታል። እርሷ ምን ታስባለች? ግብር ሊጭንብን ነው? እርዳታ ሊያመጣልን ነው? ያለችውን ደብቃ የሌላትን ትንገረው፣ ወይስ እንደ ወጓ «ተመስገን» ብላ ትሸኘው?

አገሪቱ ስለ ድሆቿ የምታውቀው ነገር ሁሉ የሚያልፈው በዚያች በር ነው። ባለሙያው የሚያሰላው፣ ሚኒስትሩ በጉባኤ የሚያነበው፣ አበዳሪው የሚጠቅሰው አኃዝ ሁሉ ያች ሴት በዚያች ቀን እውነቱን ለመናገር በመድፈሯ ላይ ቆሟል። እርሷ እውነቱን የምትናገረው ደግሞ ያለፈው መልሷ አንድ ነገር እንዳስገኘላት ካየች ነው። ሁለት ጊዜ ተጠይቃ ምንም ያላየች፣ በሦስተኛው «ተመስገን» ብትል ማን ይፈርድባታል?

ከወረ ኢሉ ደብዳቤ እስከዚያች በር ድረስ ረጅም መንገድ ተጉዘናል። የሞተውን ስም ላኩልን ከማለት፣ ሕያዋኑን ምን ጎደላችሁ ብሎ ወደ መጠየቅ ደርሰናል። ቀላል ነገር አይደለም፤ ከብዙ ዘመን ቀላድ በኋላ የተገኘ ጥያቄ ነው። የሚቀረው ግን ከመጠየቁ ይከብዳል። መልሱ ተሰብስቦ፣ ተሰልቶ፣ ታትሞ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ 302 ቀን ካለፈው፣ በመጨረሻ የሚጠየቀው ወረቀት የመጀመሪያው ነውና፤ የሙታን ስም ዝርዝር።